እማሆይ ያልመረቁት ኮረብታ

የያዙኝ ሾላ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ጠዋት ነበር፤ ወደ ኮተቤ፣ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ልሄድ ቆሜያለሁ። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኜ ቆሙ። አንደኛው ስሜን ከነአባቴ ጠርቶ «ለጥቂት ጥያቄ ፈልገንሽ ነው» አለኝ። ከኋላዬ የነበረችው ሴት ወደፊት ጠጋ ብላ ቦታዬን ስትይዝ ትዝ ይለኛል። አልፈርድባትም፤ ታክሲ ጠፍቶ ነበር።

ለምን እንደያዙኝ መጠየቅ አላስፈለገኝም። እንጦጦ ላይ ቤታቸው ስለፈረሰባቸው ሰዎች ፌስቡክ ላይ ጽፌያለሁ። ከተማሪዎቼ መካከል ቤታቸው እዚያ የነበረ አሉ፤ ደብተራቸው ከፍርስራሹ ሥር ቀርቶ ባዶ እጃቸውን ክፍል ገብተው ነበር። ጽሑፉ ረጅም አልነበረም፤ ስድብም የለበትም። ብዙ ሰው ተቀባበለው።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የሲሚንቶ መጋዘን የነበረ ይመስለኛል። ግድግዳውን ሲነኩት እጅ ላይ ግራጫ ዱቄት ይቀራል። ከጣሪያው ሥር ፍርግርግ የተገጠመላት ጠባብ መስኮት አለች። በእሷ በኩል የባሕር ዛፍ ሽታ ይገባል፤ ጥግ ላይ ካለው የሽንት ጀሪካን ሽታ ጋር መሃል ላይ ይገናኛል። ከእንጦጦ ብዙ እንዳልራቅን ያወቅሁት በዚያ ሽታ ነው።

ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንዷ ሾላ ገበያ ቅመም የምትሸጥ የስልጤ ሴት ናት፤ ሌሎች ነጋዴዎች ሱቅ ሲዘጉ አብራ ዘጋች ተብላ ነው የታሰረችው። ሌላዋ ካርቶን ላይ እግራቸውን ዘርግተው የተቀመጡ መነኩሲት ናቸው። ቢጫ ቀሚሳቸው ከጉልበቱ ላይ በደረቀ ደም ተጣብቋል።

«ከየት ነሽ?» አሉኝ መነኩሲቷ።

«ከኮተቤ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁሽ።»

«እናትና አባቴ ከሆሳዕና ናቸው።»

«ጴንጤ ነሽ?»

«አዎ፣ እማሆይ። አባቴ መጋቢ ነበር።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ነጋዴዋ ሳቀች። «እኔም ስገባ እንዲሁ አዙረውብኛል» አለችኝ። «ይለመዳል። ከዚህ ግድግዳ ጋር እንደሳቸው የተያየ ሰው የለም።»

የእማሆይን ታሪክ የነገረችኝ እሷ ናት። እንጦጦ ላይ ካለ አንድ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ በቆርቆሮ ጎጆ ይኖሩ ነበር። አፍራሾቹ ወደ መንደሩ ሲመጡ መቋሚያቸውን ይዘው ዶዘሩ ፊት ቆሙ። ነጂው ሞተሩን አጠፋ፤ በማግስቱም ሥራውን ትቶ ቀረ። ከዚያ አንድ ሠራተኛ ታመመ፤ ሌላው ከግንብ ላይ ወደቀ። መነኩሲቷ ረግመዋቸዋል የሚል ወሬ ሰፈሩን ሞላው። ቀን ሠራተኛ ጠፋ። እማሆይ ታሰሩ፤ ጠጠር ላይ አንበርክከዋቸው እንዴት ብለው እንደረገሙ ጠየቋቸው።

«አልረገምኩም» አሉ እማሆይ ፊታቸውን ሳይመልሱ። «‹ተዉ› ነው ያልኩት። መሬቷስ በአዳም ጊዜ ተረግማለች። የእኔ እርግማን ምን ይጨምርባታል?»

መርማሪው ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብስ፣ ቃላቱን ለይቶ የሚናገር ሰው ነበር። በመጀመሪያው ቀን በጥፊ መታኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ በር እንደሚዘጋ ሰው ነው የመታኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ሻይ ቀዳልኝና ስለጻፍኩት ሳይሆን ስለ አባቴ ጠየቀኝ።

«ሰባኪ ነበሩ አይደል? መጽሐፉን ታውቂዋለሽ ማለት ነው። እንግዲያው አሮጊቷን አሳምኚልኝ።»

«ምን እንዲያደርጉ?»

«እንዲመርቁ። ኮረብታው ላይ ቆመው ልማቱን ይመርቁ፤ ካሜራ ይቀርጻቸዋል። በሉ ተብለው ሳይሆን ከልባቸው እንዲመስል። ከዚያ እሳቸው ወደ ጸሎታቸው፣ አንቺ ወደ እናትሽ።»

«ካህናት አሉ አይደል እንዴ?»

«ካህናቱ ታመዋል» አለ። «ሁሉም ባንዴ።» ከንፈሩ ጥግ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር መጣና ጠፋ። «እናትሽ ዛሬም በር ላይ ናቸው። ሳህናቸውን ይዘው እንዲመለሱ ተነግሯቸዋል። ነገም ይመጣሉ፤ እሳቸውን ማስቆም የሚችል ያለ አይመስለኝም።»

እናቴ ጉልበቷ ደካማ ነው። ከቤታችን እስከዚያ በር ሁለት ታክሲ ይዛ ነው የምትመጣው። ወደ ክፍሉ ስመለስ የማስበው እሷን ብቻ ነበር።

እኔ ያደግኩበት ጉባኤ «በረከት» የሚለው ቃል ከከንፈር የማይጠፋበት ነው። በረከት ማለት ቤት ነው፣ መኪና ነው፣ ቪዛ ነው። «ተባርኬያለሁ» ብሎ ምስክርነት ለመስጠት የሚወጣ ሰው ቁልፍ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ጉባኤው ያጨበጭባል። አባቴ ደግ ሰው ነበር፤ እሱም ቢሆን የሚወደው የአብርሃም ከብት የበዛበትን ምዕራፍ ነው። ስለዚህ ከእማሆይ ጋር ልከራከር ስቀመጥ የያዝኩት መሣሪያ ያው የአባቴ መሣሪያ ነበር።

«እማሆይ» አልኳቸው፤ «ይስሐቅ ዓይኑ ደክሞ፣ ተታሎ፣ ያዕቆብን ዔሳው መስሎት ባረከው። ያም ሆኖ በረከቱ በረከት ሆኖ ቀረ። እርስዎም ተገደው ቢናገሩት እግዚአብሔር የልብዎን ያያል።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው አዩኝ። ዓይናቸው ሞራ የጀመረው ቢሆንም ይበሳል።

«ይስሐቅ ተታለለ እንጂ አልዋሸም» አሉ። «የዋሸው ተቀባዩ ነው። አንቺ የምትይኝ ሰጪዋ ትዋሽ ነው።»

«ቢሆንም…»

«ደግሞ ያዕቆብ በዚያ በረከት ምን ሆነ? ወንድሙን ፈርቶ ካገር ጠፋ። አማቱ አታለለው። ልጆቹ አታለሉት። ሲታገል አድሮ ‹ካልባረክኸኝ አልለቅህም› አለ፤ ተባረከም፤ እያነከሰ ነው ወደ አገሩ የገባው። ይህን አባትሽ አይሰብክም ነበር?»

አባቴ አይሰብከውም ነበር። 

«በኛም በረካ እንላለን» አለች ነጋዴዋ ከጥጓ። «ትንሹ ሲበቃ ነው። በሉ አሁን ይቺን ዳቦ እንካፈልና እንያት።» ዳቦውን ሦስት ቦታ ቆርሳ ሰጠችን። አልበቃችም።

ሌላ መንገድ መጣልኝ። ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። «እሺ እማሆይ፣ ‹የሥራችሁን ይስጣችሁ› ይበሏቸው። እነሱ ምርቃት ነው ብለው ይወስዱታል። እግዚአብሔርና እኛ ደግሞ ሥራቸውን እናውቃለን።»

ነጋዴዋ ጭኗን መታ አድርጋ ሳቀች። «አቤት! ይቺ ልጅ ገበያ መውጣት ነበረባት።»

እማሆይ ግን ተቆጡ። የታመመ ጉልበታቸውን ረስተው ሊነሱ ሞከሩ። «በስሙ ቅኔ ልቀኝ ነው የምትይኝ? በስሙ ሸፍጥ ልሥራ? ምርቃት ከአፍ ከወጣ ሄደ። ዔሳው ‹ለእኔስ ሌላ የለህም ወይ› ብሎ ሲያለቅስ አባቱ መመለስ አልቻለም። አንቺ እንደ ሽንኩርት ላጥሽው!»

እኔም ገነፈልኩ። «እናቴ በር ላይ ፀሐይ እየመታት ነው! የእርስዎ ንጽሕና ለእናቴ ምን ያደርግላታል?»

ትንፋሻቸው እስኪረጋጋ ጠበቁ። «ምንም» አሉ።

ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም። ጠልቻቸው ነበር። ያቺን ክፍል ያጠበቧት ግድግዳዎቿ ሳይሆኑ እሳቸው ይመስሉኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሁላችን ቀድመው ተነስተው ሲጸልዩ፣ አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይቆማል። ያስላቸዋል፣ እንደገና ይጀምራሉ፣ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ይቆማሉ። አቧራው ነው ብዬ አልፈው ነበር።

መርማሪው አሳምኛቸው እንደሆነ ሳይጠይቀኝ አንድ ጠዋት ሁለታችንንም አስወጣን። እኔ የተወሰድኩት እማሆይ ብቻቸውን መራመድ ስለማይችሉ ነው። ፒክ አፕ ላይ ጭነውን ሽቅብ ወጣን። ቅዝቃዜው፣ የዛፉ ጥላና ብርሃኑ እየተፈራረቁ ፊቴን ሲነኩኝ አይቼ እንደማላውቅ ሆንኩ። መንገድ ዳር እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። አንዷ እማሆይን አየቻቸውና ሸክሟን እንደያዘች ቆመች። ሌሎቹም ቆሙ። ከዚያ ዞረው መኪናውን ተከትለው መውጣት ጀመሩ።

ኮረብታው ላይ ከመንደሩ የቀረ ነገር ትንሽ ነው። ሰማያዊ የተቀባ ግማሽ ግድግዳ፣ መዝጊያ የሌለው መቃን፣ ጥላሸት የያዘ የማድቤት ጥግ። ዶዘሩ ቆሟል። ካሜራ የያዘ ሰው አለ፤ ብርድ ይዞታል።

«እማሆይ፣ እርስዎ እናታችን ነዎት» አለ መርማሪው፤ ድምፁ ማር ነው። «እዚህ ጋ ይቁሙልኝ። እጅዎን ከፍ ያድርጉና ቦታውን ይመርቁት።»

እማሆይ ሰማያዊውን ግድግዳ አዩ። «ይህ የእነ ማን ቤት ነበር?» አሉ።

ማንም አልመለሰላቸውም። እጃቸውን አላነሱም።

መርማሪው ካሜራውን ወደ ሌላ ቦታ አዛወረው። ፍርስራሽ የማይታይበት፣ ሣሩ ያልተነካ ጠርዝ ነው። እዚያም ቆሙ፣ እዚያም ዝም አሉ። ሦስተኛ ቦታ መረጠ፤ ከታች ከተማው ጭጋግ ውስጥ ተዘርግቶ ይታያል። እኔ እጃቸውን ይዤ ከቦታ ቦታ ስንሄድ በለዓምን አሰብኩ። ንጉሡ እስራኤልን እንዲረግምለት ከኮረብታ ኮረብታ ያዞረውን ሰው። ያ ሰው ሊረግም ተቀጥሮ አፉ የሚያወጣው በረከት ብቻ ሆነበት። እማሆይን ደግሞ ሊያስመርቋቸው አዞሯቸው፤ አፋቸው አልከፈት አለ።

በዚህ መሃል ከዶዘሩ ጀርባ አንድ ሰው መጣ። ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል። የዶዘሩ ነጂ ነበር፤ ያ ሥራ ጥሎ የቀረው። እሱንም ምርቃቱን ሰምቶ ወደ ሥራው እንዲመለስ ከቤቱ ፈልገው አምጥተውታል።

«እማሆይ» አለ። «ረግመውኛል እንዴ? ባለቤቴ ታማብኛለች።»

«እኔ? ማን ነው እንዲህ ያለህ? አንተ እኮ ሞተሩን ያጠፋኸው ነህ።» እጄን ለቀቁ። ወደ እሱ ሁለት እርምጃ ብቻቸውን ሄዱና እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ። «ባለቤትህን ይማርልህ። ልጆችህን ያሳድግልህ። እንጀራህን ይስጥህ። እጅህን ከሰው ቤት ላይ ያንሣልህ።»

«አሜን» አለ ሰውዬው። ከላይ ከመንገዱ፣ እንጨት የተሸከሙት ሴቶች «አሜን» አሉ። ሳላስበው እኔም አልኩ። ካሜራ የያዘው ሰው ቀርጾታል፤ ከንፈሩም ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

«አጥፋው!» አለ መርማሪው። ወደ እማሆይ ሲዞር ማሩ ከድምፁ ላይ አልቋል። «እሱን መረቅሽው። መንግሥትንስ? እኔንስ?»

«አንቺ» ሲላቸው ነጂው አቀርቅሮ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

እማሆይ ቀና ብለው አዩት። «አንተን እንድመርቅ ታዝዣለሁ» አሉት። «የሚያሳድዷችሁን መርቁ ተብሏል። ቀልድ አይደለም፣ ትእዛዝ ነው። ጠዋት ጠዋት እሞክራለሁ። አንተ ጋ ስደርስ እዚህ ላይ ይይዘኛል።» በጣታቸው ጉሮሯቸውን ነኩ። «ገና አልወጣልኝም። የወጣልኝ ቀን ካሜራ አያስፈልግህም፤ ያለህበት ይደርስሃል። ዛሬ መረቅሁህ ብልህ ግን ውሸት ነው። ውሸት አልሰጥህም።»

መርማሪው መቋሚያውን ከእጃቸው ነጥቆ ወደ ገደሉ ወረወረው። እንጨቱ ከድንጋይ ድንጋይ እየተጋጨ ሲወርድ ሰማነው። እማሆይ ተንገዳገዱ፤ ያዝኳቸው። በጣም ቀላል ነበሩ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተጠራሁ። ከመርማሪው ጎን እሱ እየቆመ የሚያናግረው አንድ ጎልማሳ ተቀምጧል፤ አለቃው መሆኑ ያስታውቃል።

«መነኩሲቷ ኮረብታው ላይ መንግሥትን ረግማለች» አለ መርማሪው። «ይቺ አጠገቧ ነበረች። ለአለቃ ንገሪያቸውና ዛሬውኑ እናትሽ ጋ ትሄጃለሽ። እዚያው በር ላይ ናቸው፤ ሳይመሽ ትደርሽባቸዋለሽ።»

 እናቴን በሐሳቤ አየኋት፤ ሳህኑን በነጠላዋ ጠቅልላ ግንቡን ተደግፋ። ከእማሆይ ጋር የሚያገናኘኝ ነገር የለም፤ ፊት አዙረውብኛል፤ እምነቴን ንቀዋል። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈለግብኝ።

«አልረገሙም» አልኩ።

«ደግመሽ አስቢበት» አለ መርማሪው።

«አልረገሙም። ዶዘር ነጂውን መረቁት። ባለቤትህን ይማርልህ አሉት፣ ልጆችህን ያሳድግልህ አሉት፣ እንጀራህን ይስጥህ አሉት፣ እጅህን ከሰው ቤት ላይ ያንሣልህ አሉት። ከዚያ እኚህ ሰው» አልኩ ወደ መርማሪው እያየሁ፤ «እኔንስ ሲሏቸው፣ እንድመርቅህ ታዝዣለሁ፣ ጠዋት ጠዋት እሞክራለሁ፣ ጉሮሮዬ ላይ ይይዘኛል አሏቸው። ውሸት አልሰጥህም አሉ።»

አለቃው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጉሮሮዬ ላይ ይይዘኛል አሉ?»

«አዎ።»

አለቃው መርማሪውን አየው። መርማሪው ጫማውን ያያል።  ከዚያ አለቃው «መልሷት» አለ። ወዴት እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በኮሪደሩ ቀጥ ብዬ ነው የሄድኩት።

እማሆይ ካርቶናቸው ላይ ነበሩ።

«ምን አልሽው?» አሉኝ።

«ያሉትን።»

«ጨመርሽ?»

«አልጨመርኩም።»

«ቀነስሽ?»

«አልቀነስኩም።»

ይመርቁኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልመረቁኝም። ወደ ግድግዳው ተጠጉና ከካርቶኑ ግማሹን በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት። «ወደዚህ ነይ» አሉ። «እዚያ በሩ ጋ ይነፍስብሻል።» ጎናቸው ተቀመጥኩ። ነጋዴዋ አየችንና ምንም ሳትል ሻርፗን በሁለታችን እግር ላይ ጣል አደረገችው።

በማግስቱ ወሰዷቸው፤ የት እንደሆነ አልነገሩንም። እኔ ክረምቱን ሙሉ እዚያው ነበርኩ። ዝናቡ ሲወጣ ያለ ክስ፣ ያለ ማብራሪያ፣ እንደያዙኝ ሁሉ በድንገት ለቀቁኝ። በኋላ ከእንጦጦ ሰዎች እንደሰማሁት እማሆይ ተፈትተው ገጠር ወዳለ ገዳም ሄደዋል። ፈልጌ አላገኘኋቸውም። ኮረብታው ታጥሯል፤ ሣር ተተክሎበታል፤ ቅዳሜና እሁድ ሰው ፎቶ ይነሳበታል። ከታች ስመለከተው ያምራል፣ አልዋሽም።

ጉባኤያችን ዛሬም እሄዳለሁ። ሰባኪው «ተባርካችኋል በሉ!» ሲል ከሰው ጋር እነሳለሁ። አልንቃቸውም፤ ሰው ቤት ቢፈልግ፣ ልጁ ቢድንለት ቢለምን ምን ያስነቅፈዋል? ብቻ አሁን መጽሐፉን ስከፍት የማየው ሌላ ነው። ጌታ ተራራው ላይ ብፁዓን ናቸው ያላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አያቸዋለሁ፤ ድሆች፣ የሚያለቅሱ፣ የሚሰደዱ። ቁልፍ ከፍ አድርጎ የሚያሳይ አንድም የለባቸውም።

እናቴ ጠዋት ከቤት ስወጣ በር ላይ ታስቆመኛለች። ድሮ በሩጫ «አሜን፣ አሜን» እያልኩ ቦርሳዬ ውስጥ ሳንቲም ስፈልግ ነበር የምትመርቀኝ። አሁን ቦርሳዬን መሬት አስቀምጬ ራሴን ዝቅ አደርግላታለሁ። በሀዲይኛ ትጀምርና በአማርኛ ትጨርሳለች። መንገድሽን ያቅናልሽ ትላለች፤ አሜን እላለሁ። ክፉ አይይሽ ትላለች፤ አሜን እላለሁ። ከዚያ በተፈታሁ ሰሞን የጨመረቻትን ትላለች፤ «ያን ጊዜ በር ላይ የመለሱኝን ልጆች፣ አንቺንም የያዙሽን፣ ጌታ ይባርካቸው።»

እዚያ ላይ አሜን አልልም። ገና ነው። እናቴ ታውቃለች፤ እጇን ከራሴ ላይ ሳታነሳ ትንሽ ትጠብቀኝና ትቀጥላለች።